የነሐሴ ደሞዝ

እህቴን የጠየቃት ሰው ፓይለት ነው ሲባል ንፋስ ስልክ ሰፈር ባለው ቤታችን ደስ ያላለው እኔን ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው የልጁን ደሞዝ ጭምር ተናግረው ሄደዋል። አባቴ ለመልስ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። በሳልስቱ ማክሰኞ፣ ጎፋ በኩል ሳልፍ እህቴ በፎቶ ያሳየችን ሰውዬ ረፋድ ላይ በነጠላ ጫማ ዳቦ ይዞ ሲሄድ አየሁት። ሐሙስም እንደዚያው። ለአባቴ ነገርኩት።

«ተባሮ እንዳይሆን» አለ አባቴ። «አንተ መቼም ግጥም ከመጫር በቀር ሥራ የለህም። ሂድና አጣራ።»

ፓይለት እንዴት ይጣራል? እኛ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው አንድ ምልክት ነው፤ በራሪዎችን ከደጃቸው የሚወስደው የአየር መንገዱ ሰርቪስ መኪና። እሱ ተከራይቶ ከሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት በላስቲክ የተከለለች ሻይ ቤት ነበረች። እዚያ ተቀመጥኩ።

«ክረምት ላይ የሰርቪሱ ጡሩምባ እንቅልፍ ነስቶን ነበር» አለችኝ ባለ ሻይዋ፣ ስለ ፓይለቱ ስጠይቃት። «ከጥምቀት ወዲህ እሱም ሻንጣውም አርፈዋል። አንተ ግን ምኑ ነህ? ፖሊስ እንዳልልህ ጫማህ አያስብልም።»

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሰርቪሱ የመጣው ሁለቴ ነው። በቀሩት ቀናት ሰውዬው በረንዳው ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያይ ይውላል። ሌላ ሴት አለችው ብዬ ደመደምኩ። በዘጠነኛው ቀን መንገዱን ተሻግሮ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ቤታችሁ ስኳር ጠፋ እንዴ?» አለኝ። «እህትህ ፎቶህን አሳይታኛለች። ና፣ እንውጣ።»

ቤቱ ሶፋና ቴሌቪዥን ብቻ ነበረው። የወሩን ፕሮግራም በስልኩ አሳየኝ፤ አብዛኛው ባዶ ነው። ጥቂት በረራ፣ ከዚያ ስታንድባይ የተባሉ ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት ከተጠራ ወዲያው መሄድ ስላለበት ስልኩን ይዞ ከቤት አይርቅም።

«ነሐሴ ላይ ዲያስፖራው ሲጎርፍ ከዚህ በላይ አትበሩም የተባልነው ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አሁን መንገደኛ ቀዝቅዟል፣ በረራም ተቀንሷል።»

«ደሞዙስ?»

«መነሻው አይነካም። የበረራ ሰዓቱና የውጭ አዳር አበሉ ግን ካልበረርክ የለም።»

«በሽማግሌ ያስነገርከው የየትኛውን ወር ነው?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «የነሐሴን» አለ። ቀጥሎ ያለፈውን ወር፣ የየካቲቱን ነገረኝ፤ የዚያን ግማሽ ትንሽ ነው የሚያልፈው።

አልተባረረም፣ ሴትም የለችውም። ያም ሆኖ ደረጃውን ስወርድ የሆነ ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ሥራ ፈቶ እንኳ ከእኔ የተሻለ ይከፈለው ነበር።

ማታውኑ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። እሑድ ሽማግሌዎቹ ለመልሱ መጡ። ትልቁ ያንኑ ደሞዝ ደገሙ።

«የየትኛው ወር ነው?» አላቸው አባቴ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ደሞዝ ደግሞ ምን ወር አለው?»

አባቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። የሰማሁትን ተናገርኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። እህቴ ሳትጠራ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«የየካቲቱን ከነደሞዝ ወረቀቱ አሳይቶኛል። ኑሯችንን ያሰብነው በእሱ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ዋሸኝ?»

«ፈርቶህ ነዋ፣ አባባ። አንተን የማይፈራ ማን አለ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አባቴ አልሳቀም። «ነገ ራሱ ይምጣና በገዛ አፉ ይንገረኝ። ካልሆነ ልጄን አይወስዳትም» አለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ መጣ። አባቴ ወንበር ሳይሰጠው ጠየቀው፤ እሱም ቆሞ የየካቲቱን ተናገረ። አባቴ አስደገመው። ለእኔ ከነገረኝ አንድ ብር እንኳ ይዛነፍ እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። አልተዛነፈም።

«በዚህ ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ፣ ወንበሩንም ሳበለት። እህቴ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ተሰማኝ። እኔ የደሞዝ ወረቀቱን በዓይኔ ባየው ደስ ባለኝ፤ ግን ማንም አላሳየኝም።