ጨው ያንሰዋል

እልል በሉ! ዛሬ በዚህች ከተማ አንድ ሰው ከድስት ጠብታ ቀምሶ «ጨው ያንሰዋል» አለ። ማለት ብቻ አይደለም፤ እውነትም አንሶት ነበር! ይኸ ምኑ ያስደስታል የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ነገሩ ከኅዳር ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ነውና እኔም ከኅዳር ልነሳ።

ዘነበችን የማያውቅ የደብረ ታቦር ደጋሽ የለም። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በእጇ ነው፤ ሰርግም ይሁን ተዝካር ወይ ክርስትና፣ ጎላው የሚጣደው እሷ ስትመጣ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሥጋ ይመትራሉ፣ እሳት ይቆሰቁሳሉ፤ ጨዉን ግን ማንም አይነካባትም። ወጡ ሊወጣ ሲል ዘነበች በጭልፋ ጫፍ ጠብታ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ «ይውጣ» ትላለች። እሷ «ይውጣ» ካለች በኋላ የዘነበች ወጥ ጨው በዛው ወይ አነሰው የሚል ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አልተሰማም።

ኅዳር ላይ የውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ስኳር ነው ተባለች። ነርሷ ሲስተር ሕይወት ኪኒን ሰጥታ፣ አስረድታ ሸኘቻት። ዘነበች «ስኳር» የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ ጆሮዋ ደንቁሮ ነበርና፣ ከምክሩ ሁሉ ይዛ የወጣችው «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» የሚለውን ብቻ ነው። «ከምግብ ጋር» የሚለው የት እንደ ቀረ እሷም አታውቀውም። የነቢያት ጾም ደግሞ ገብቷል፤ እሷ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፏ አይዞርም። ኪኒን ምግብ አይደል ብላ፣ ጎህ ሲቀድ በአንድ ጉንጭ ውኃ ባዶ ሆዷ ላይ ታወርደዋለች።

በሦስተኛው ቀን ሆዷ ተነሳ። ተቅማጡ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅ፣ ሲመጣም ፋታ አይሰጥ። ቤተ ክርስቲያን ስትስም ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ መመለስ ጀመረች፤ ሆዷን ማመን አቅቷት። ሽንኩርት ሲቁላላ ሲሸታት ያጥወለውላታል፤ ያ ሽታ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችበት ነው! ከሁሉ የከፋው ግን የአፏ ነገር ነበር። የዛገ ሚስማር ስትጠባ ያደረች ይመስል ሁሉ ነገር ብረት ብረት ይላታል። ሽሮው ብረት፣ ውኃው ብረት፣ የገዛ ምራቋ ብረት።

ለማንም አልተናገረችም። ወጥ ሠሪ ምላሴ ታመመ ብላ ለማን ትናገራለች?

ጥምቀት አልፎ የሰርግ ወራት ሲደርስ ከወደ አንበሳሜ ከተማ ዋልልኝ የሚባል ደጋሽ ስልክ ደወለ።

«እታለም፣ ልጄን ልድር ነው። እርስዎ ካልመጡ ሰርጉን ለከርሞ አዞረዋለሁ።»

«ምን በወጣህ! እመጣለሁ እንጂ» አለች ዘነበች። እምቢ ብትል ምክንያቱን መናገር ሊኖርባት ነው።

የሰርጉ ዕለት፣ እንደ ልማዷ፣ እንግዳ ሳይበላ እህል አልበላም ብላ ኪኒኗን በባዶ ሆድ ዋጠች። ከረፋዱ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጭልፋዋን ጥላ ወደ ባሕር ዛፉ አጥር ሮጠች። ቀዩ ወጥ ሊወጣ ሲል መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ብረት። አንድ እፍኝ ጨው ጨመረች። ላሰች። ብረት። ሌላ እፍኝ ጨመረች።

ለሃያ ዓመት አብራት የሠራችው አሰፋሽ ሦስተኛውን እፍኝ ስታይ አላስችል አላት። «ዘነቡ፣ አልበዛም?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

አሰፋሽ ወደ እሳቷ ተመለሰች። ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች፤ የተጨፈነው ዓይኗ ውስጥ ምንም አልነበረም። አራት መቶ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። «ይውጣ» አለች።

ወጣ። እንግዳው ጎረሰ። ቀጥሎ ከወደ ጥጉ አንድ ጎልማሳ፣ «ዋልልኝ ወንድሜ፣ በሬውን አፋር ወርደህ ነው እንዴ ያረድኸው?» አለ።

«ዝም ብለህ ጠላህን ጠጣ! ጨው የበዛው ጠላው እንዲያልቅ ነው» አለው ሌላው። ሳቁ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ።

ሴቶቹ አቀርቅረው ሥራቸውን ያዙ። ዘነበች ጭልፋዋን እንደ ያዘች ጎላው አጠገብ ቆማ ቀረች። ዋልልኝ አልተቆጣም፤ ማታ መኪና ላይ ሲያሳፍራት «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ነገር ግን ሲላት ዓይኗን አላየም፤ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ ነበር የተናገረው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ቤቷ ስትገባ የኪኒኑን ብልቃጥ ከእንስራው ጀርባ ወረወረችው።

በሳምንቱ ሆዷ ተረጋጋ። ብረቱም ከአፏ ሳሳ። ነገር ግን ጥሙ ተመለሰ፤ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፤ ዓይኗ ላይ ጉም ወረደ። ምስር ስትለቅም ጠጠሩንና ምስሩን መለየት አቃታት። የሚጠራትም ጠፋ። በእነ እብናት፣ በእነ ይፋግ ሰርግ ሲኖር የሚጠሩት አሰፋሽን ሆነ። ዘነበች በሯን ገርበብ አድርጋ መደቡ ላይ ትቀመጥና በራሷ ትፈርዳለች፦ ኪኒኑን ብውጥ ምላሴ ይሞታል፤ ባልውጥ ዓይኔ ይጠፋል። ምላስ የሌላት ወጥ ሠሪ ምን ታደርጋለች? ዓይን የሌላትስ? አንዳንድ ቀን እሳት ሳታነድ ይመሽባታል። ለማን ልሥራ፣ ብሠራስ ምን ሊጣፍጠኝ ትላለች። በዚያ ሰሞን «እግዜር ለምን አይወስደኝም» ማለቷን አሰፋሽ ሰምታለች።

የካቲት መግቢያ ላይ ገበያ መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። አሰፋሽ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ሲስተር ሕይወት ስኳሯን ለክታ ደነገጠች።

«እትዬ ዘነበች፣ መድኃኒቱን አይወስዱም?»

«ተውኩት።»

«ለምን?»

ዘነበች አለቀሰች። ሆዷንም፣ ምላሷንም፣ የአንበሳሜውንም ሰርግ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሲስተር ሕይወት እስክትጨርስ ጠብቃ፣ «በምን ሰዓት ነበር የሚውጡት?» አለቻት።

«ጎህ ሲቀድ።»

«ምግብስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ነዋ! ጾም እኮ ነው ልጄ።»

ሲስተር ሕይወት ግንባሯን በእጇ ያዘች። ሐኪሙን አማክራ ተመለሰችና እንደ ገና ጀመሩ፦ አሁን በግማሽ ኪኒን፤ ባዶ ሆድ ላይ ሳይሆን ምግቡ መሐል፤ ሰውነቷ ሲለምደው ቀስ እየተባለ ይጨመራል። «ሆድዎ ይረጋል። አፍዎም ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ካስቸገርዎ መጥተው ይንገሩኝ እንጂ በራስዎ አያቁሙ።»

«ጠዋት ልበላ ነው?»

«ጠዋት ይበላሉ።»

ዓቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል! ዘነበች ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ዓቢይ ጾምን ያለ ዘጠኝ ሰዓት አልፈታችም። የንስሐ አባቷ ቄስ ባዩ ደጅ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ሳታንኳኳ ተመለሰች። ስኳር ምላሴን ወሰደ፣ ዓይኔን ሊወስድ ነው፣ አሁን ደግሞ ጾሜን ልስጠው? በአራተኛው ቄስ ባዩ ራሳቸው በር ላይ ያዟት።

«ምነው ልጄ፣ ደጄን ሳትገቢ የምትሳለሚው?»

መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡ። «ለዚህ ነው ሦስት ቀን የተንከራተትሽው? ሕመምተኛን ማን ጹም አለው! ከጥሉላቱ ታቀቢ፣ ጠዋት ቂጣሽን ብዪና መድኃኒትሽን ዋጪ።»

ተፈቀደላት፤ አላጽናናትም። ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ጎረቤት እንዳያያት መስኮቱን ዘጋች። ቂጣዋን ቆረሰች። አንዱን ጉርሻ ስታላምጠው ረጅም ጊዜ ፈጀባት፤ እንባዋ ቂጣው ላይ ይወርዳል፣ ቂጣው ብረት ብረት ይላል። ከግማሹ በኋላ ግማሽ ኪኒኗን ዋጠች። ማታም እንዲሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሆዷ በእርግጥ ዝም አለ። ዓይኗ ላይ የወረደው ጉምም ሳሳ። አፏ ግን ያው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ መቁረጥ ራሱ ሰለቻት፤ እንግዲህ ብረት እየበላሁ እሞታለሁ ብላ ተቀመጠች።

ዛሬ አሰፋሽ የሚካኤል ማኅበር ደግሳ ነበር። ዘነበችን ግድ ብላ አመጣቻት፤ ዘነበችም በር ጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት ብቻ ትከትፋለች። ረፋዱ ላይ ምስር ወጡ ደረሰ። አራት ሴቶች ድስቱን ከበው ቆሙ፤ ሁሉም ጿሚ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም አይቀምስ። አንዷ ታሸታለች፣ አንዷ አረፋውን ታያለች። ድንገት አሰፋሽ ዞር አለች።

«ዘነቡ፣ አንቺ በልተሻል አይደል?»

ያ መስኮት ተዘግቶ የተበላ ቂጣ በአደባባይ ተጠራ! ዘነበች ፊቷ ተለዋወጠ። «በልቻለሁ» አለች፣ ወለሉን እያየች።

«እሰይ! ነይ ቅመሺልን እንግዲያ፤ እኛ በማሽተት ልናልቅ ነው።»

«ተዪኝ አሰፋሽ። የአንበሳሜው አይበቃሽም?»

«ያኔ አራት መቶ ሰው ነበር፣ ዛሬ ሃያ ነን። ብታበላሺው አብረን እንሰደባለን። ነይ!»

ጭልፋውን እጇ ላይ አስያዘቻት። ዘነበች ጠብታዋን መዳፏ ላይ አኖረች። ላሰች። ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የመጣው ያ ብረት ነው። ጭልፋውን ልትመልስ ስትል ግን ከብረቱ ወዲህ ሌላ ነገር መጣ። የሽንኩርቱ ጥፍጥና። የበርበሬው ማቃጠል። ከዚያም ባዶ ቦታ፤ አንድ ነገር መኖር የነበረበት ቦታ። እንደ ገና ላሰች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ቀስ ብላ።

በሦስት ጣት ቆንጥራ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ላሰች። «ይውጣ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማኅበርተኛው በላ። ስለ ጨው አንድም ሰው አላነሳም! ሁለት ሽማግሌዎች አስጨመሩ። አሰፋሽ ጎርሳ፣ አላምጣ፣ «ይቺ ሴትዮ መጣችልን!» ብላ ዘነበችን አንገቷን አንቃ ሳመቻት። ብረቱ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ዘነበች ራሷ ናት ያለችው። ነገር ግን ጨዉ ከብረቱ ፊት ቆሟል።

በሉ እንግዲህ፣ የቀረውን አሰፋሽን ጠይቋት። ዋልልኝ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛ ልጁን ሊድር ነው አሉ፤ ሌላ ወጥ ሠሪ ሳይጠራ ልድረስበትና የዘነበች ምላስ መመለሱን ልንገረው። የአንበሳሜው መኪና ሁለት ሰው ቀርቶታል፣ ረዳቱ እየተጣራ ነው። ሄድኩ!