ለሌለ ልጅ የተገዛ ዘንግ

ሰሞኑን አንድ ቅዳሜ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልገዛ ሄድኩ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ... ጆሃንስበርግ ላይ።

ምክንያቱ እሑድ ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረው የአጎቴ ልጅ ጠቅልሎ አገር ቤት ሆሳዕና ከገባ ወዲህ እሑድ ከቸርች መልስ የምሄድበት የለኝም። ቤት ልዋል ብል ፍሪጁ ብቻ ነው የሚሰማው። ሐበሻ በሚበዛበት ዮቪል ሰፈር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ልቀመጥ ብል ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ የሚያዳምጥ የለም። አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ግድብ ዳር ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ሲያጠምዱ አየሁ። ብዙም አይነጋገሩም፣ ግን አብረው ናቸው። ይሄ ለእኔ ነው አልኩ።

እኔ ደግሞ ሳላጠና የምጀምረው ነገር የለም። ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለሚጀምር ሰው የትኛው ዘንግ እንደሚሻል ሳነብ ሰነበትኩ። አንዱ ረጅም ግዛ ይላል፣ ሌላው አጭር። ግማሾቹ መጨረሻ ላይ «እንደ ምርጫዎ» ብለው ያመልጣሉ። ምርጫውን ባውቅማ ምን ያስነብበኝ ነበር? ስለዚህ ራሴ ወሰንኩ። ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ፣ ጥንካሬው መካከለኛ፣ ጫፉ ታጥፎ ቶሎ የሚመለስ፣ የክር መጠቅለያውም ከሥሩ የሚንጠለጠል። ከላይ የሚታሰረው ዓይነት ጣቱ ላልለመደ ሰው ክሩን ተብትቦ ቁጭ ነው የሚያደርገው።

ሻጭዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ዙሉ ሴትዮ ናት። የምፈልገውን ነገርኳት።

«ለማን ነው፣ ባባ?» አለችኝ። እዚህ ወንድን ሲያከብሩ ባባ ነው የሚሉት።

ቀላል ጥያቄ ነው። ግን ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ከልጁ ጋር ተራ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ይሰሙኛል... «ለእኔ» ማለት አሳፈረኝ።

«ለልጄ» አልኩ። ልጅ የለኝም።

«ቁመቱስ?»

«እኔን ያክላል።»

ከመደርደሪያው አንዱን መዝዛ ሰጠችኝ። ጫፉን ወዘወዝኩት። ያጠናሁት እሱ ነው። ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት፣

«ያንተስ?» አለችኝ።

«የኔ ምን?»

«ዘንግህ ነዋ። ልጅህን ውሃ ዳር አቁመህ አንተ ስልክ ልትነካካ ነው?»

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሳቀ። ሁለት ዘንግ ይዤ ወጣሁ።

ሁለት ዘንግ ያለው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ላምቦሬ ጋ ደወልኩ። ላምቦሬ ቶኮዛ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ያለችው የአገሬ ልጅ ነው። ቸርችም አንድ ነን፤ ሰላምታችን ግን በር ላይ ያልቃል።

«ነገ ከቸርች መልስ ዓሣ እናጥምድ?»

«ለማን ልንሸጠው?»

«አንሸጥም።»

«ለመብላት ነዋ። ጥሩ ነው።»

«አንበላም። ባስ የሚያጠምዱ ሰዎች ይዘው ይለቁታል።»



«ይዘው ይለቁታል?»

«መንጠቆውን ቀስ ብለህ ትነቅልና ወደ ውሃው ትመልሰዋለህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና ትጥላለህ።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ቤት ውስጥ ሰው አለ አጠገብህ?»

«ማን ይኖራል?»

«በል አረፍ በል፣ ወንድሜ። ነገ እመጣለሁ።»

እመጣለሁ ማለቱን ብቻ ነው የሰማሁት። እሑድ ቤት ገብቼ ዘንጎቹን ክር አስገብቼ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጠበቅኩ። ልክ በቀጠሯችን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ላምቦሬ ነው... ከኋላው ሁለት የቸርች ሽማግሌዎች፣ አንደኛው ጁስ፣ ሌላው ብርቱካን ይዘው። እኛ ዘንድ ጁስና ብርቱካን ተይዞ የሚኬደው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታማሚ ቤት።

«ወንድማችን፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ ገና ሳይቀመጡ።

«ይወስደኛል።»

«ምግብስ?»

«እበላለሁ። ጤነኛ ነኝ፣ አባ።»

«መልካም፣ መልካም» አሉ። ያላመነ ሰው እንዲያ ነው የሚለው። ዓይናቸው ዘንጎቹ ላይ አረፈ። «ሁለተኛው የማን ነው?»

ላምቦሬን አየሁት። ወለሉን ያያል።

«ትርፍ ነው» አልኩ።

ተነስተው ጸለዩልኝ። አንደኛው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ፤ ሌላኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ግድግዳው ቀስ በቀስ ያዘነብላሉ፣ ዘንጎቹ ወዳሉበት። የዘንግ ጫፍ ደግሞ ቀጭን ነው፣ እንደ ክብሪት እንጨት ነው የሚሰበረው። አንድ ዓይኔን ገልጬ ነው የጸለይኩት።

«ጫፉን አይደገፉት» አልኩ በጸሎቱ መሃል።

«አሜን» አለ ላምቦሬ።

እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። ከዚያ ግን ተቀመጡ። ብርቱካኑን ልጠው እኔንም አጎረሱኝ። ስለ ዕቃ መወደድ ተጨቃጨቁ፣ ስለ አገር ዝናብ አነሱ፣ ላምቦሬ አንድ ደንበኛው ያደረገውን ነግሮን ሳቅን። ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ግድቡም ቀረ። ሊሄዱ ሲነሱ «ትንሽ ቆዩ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ላምቦሬ ደወለ። «እንዴት አደርክ? ተሻለህ?»

«ተሻለኝ» አልኩት።

«ተመስገን» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ተሻለኝ ለማለት ቸኮልኩ መሰለኝ... የዳነን ሰው ማን ይጠይቀዋል?