ጸጥታ የተባለው መልበሻ ክፍል

የዚህ ጽሑፍ ምንጮች ሁለት ናቸው፤ የራሴ ትዝታና አንዲት ተዋናይት ኋላ የነገረችኝ። ትዝታዬን አብዝቼ አላምነውም፤ የአንዱን ዓመት ነገር ከሌላው ሳቀላቅል ራሴን ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ለይቼ እናገራለሁ።

ከኪነ ሕንፃ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ አነስተኛ ቴአትር ቤት መልበሻ ክፍል እንዳድስ ተጠየቅሁ። ሐሳቡን ያመጣችው ተዋናይቷ ነበረች። መድረክ ከመውጣቷ በፊት ጥቂት ዝም ብላ ካልተቀመጠች የመጀመሪያው ቃል አይወጣላትም።

«መምህር፣ በዚህ ጫጫታ ውስጥ ከሆነ ይህ ተውኔት የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ።

ክፍሉን በአካባቢው በሚገኝ ነገር ሠራሁት። ግድግዳው ሲሚንቶ ሳይነካው በጭድ በተቦካ ጭቃ ተለሰነ፤ ኮርኒሱ ቀርቀሃ ሆነ። ከመተላለፊያው የሚመጣውን ድምፅ እንዲውጥ ከጣና ዳር የመጣ የደንገል ምንጣፍ ደራርቤ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። መቀመጫው ከፈረሰ ቤት ሳንቃ ተሠራ። የቀረው በሩ ነበር። ከቴአትር ቤቱ ሰዎች ጋር በተቀመጥንበት ስብሰባ ላይ «ከሁሉ በላይ የክፍሉን ጸጥታ አስቡበት» አልሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ ማለቴን ተዋናይቷ ነግራኛለች። ያሰብሁት ዝምታውን ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከተዋናይቷ ጋር ስመለስ የብረት በር ተገጥሞ፣ አንድ ወጣት ዘበኛ ሬዲዮውን ከፍቶ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁ።

«ጸጥታ ብለዋል እኮ፣ መምህር» አለኝ የቴአትር ቤቱ ኃላፊ። «በዚህ ዘመን ጸጥታ ሲባል ሌላ ምን ይታሰበናል?»

ተዋናይቷ ወደ ዘበኛው ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ሌባዋ እኔ ነኝ እንዴ ከውስጥ የምትጠብቀኝ?»

«ኧረ እትዬ! እርስዎን እንዳይነኩብን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ውጭ ሆነህ ዝምታዬን ጠብቅልኝ። የሚሰርቁኝ እሱን ነው።»

በሩን መለወጥ ስላልተቻለ በውስጥ በኩል ደንገል አለበስነው፤ እንዳይንቋቋ ማጠፊያውን ዘይት ቀባነው።

ተውኔቱ የተከፈተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሳይደናቀፍ ወጣላት፤ ከኋላ ረድፍ ሆኜ በጆሮዬ ስለሰማሁት ይህን አልጠራጠርም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ወደ መድረክ ልትወጣ በሩን ስትከፍት ዘበኛው በካልሲ ብቻ ቆሞ ነበር፤ ኮቴው እንዳይረብሻት ቡትስ ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ሥር አስቀምጦታል። እሱን ስጠይቀው ሳቀ፤ «ጠቦኝ ነው» አለ። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ላረጋግጥ አልቻልሁም።