የእኔ ነው የተባለው መቃብር

እናቴ ዘመድ የላትም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የሞተችው ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ አባቴም ከጦር ግንባር አልተመለሰም። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት፤ የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ጓሮው ባሕር ዛፍ የሆነ ግቢ ውስጥ። እንደ ወላጄ እማዬ፣ አንቺ እያልኩ ነበር የምጠራት። እናቴ የጎንደር ቤተ እስራኤል እንደሆነች፣ ሸክላ ትሠራ እንደነበር የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ስለ ዘመዶቿ ስጠይቅ የአባቴ እህት መልስ አንድ ነበር፤ «አልቀዋል። አንድም የቀረ የለም።» ስትቆጣ ደግሞ «ይኼ የእናትሽ የቡዳ ዓይን!» ትለኛለች።

አሁን ኮተቤ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ባልደረባዬ የተጠፋፉ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የሚፈላለጉበት የቴሌግራም ግሩፕ አሳየችኝ። ያለኝን ብቸኛ የእናቴን ፎቶ ለጠፍኩ፤ ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ተቃቅፋ የቆመችበት ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ከእስራኤል ደወለ።

«ይህ ፎቶ እኛ ሳሎን ተሰቅሏል» አለኝ። «ከጎኗ የቆመችው እናቴ ናት፤ እህትማማቾች ናቸው። አንቺ ከየት አገኘሽው?»

«እናቴ ናት እኮ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት። ልጅቷም በሕፃንነቷ ሞታለች» አለ።

በማግስቱ የእናቴን እህት በቪዲዮ አገኘኋት። ፊቴን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንደነገረችኝ፣ ወደ እስራኤል ለመሄድ አዲስ አበባ ስትጠባበቅ እኔን ይዛ ልትሄድ የካ መጥታ ነበር። የአባቴ እህት በር ላይ ተቀበለቻት፤ እያለቀሰች «ልጅቷ በኩፍኝ ሞተች» አለቻት። አላምንሽም እንዳትላት እንጦጦ ድረስ ወስዳ አንድ ትንሽ መቃብር አሳየቻት። የእናቴ እህት ከመቃብሩ አፈር ቆንጥራ ሄደች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስታለቅስልኝ ኖራለች።

ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ? ምናልባት ጓሮ እጫወት ነበር።

ለአባቴ እህት ምንም አልነገርኳትም። አምስት ወር ሙሉ አብሬያት በላሁ፣ መድኃኒቷን እያቀበልኩ አስተኛኋት። የእናቴ እህት ከእስራኤል የምትመጣበት ቀን ሲቆረጥ እኔ ነኝ የመረጥኩላት፤ የማርያም ማኅበር ተራ የእኛ ቤት የሚደርስበትን ቀን። ማኅበርተኞቹ በሙሉ፣ የአባቴ እህት የነፍስ አባት የሆኑት ቄስም ጭምር፣ እንዲኖሩልኝ ፈለግሁ።

ጠላው እየተቀዳ ነበር። የእናቴን እህት እጇን ይዤ አስገባኋት።

«ታስታውሺኛለሽ?» አለቻት።

የአባቴ እህት ብርጭቆዋን ልታስቀምጥ ስትል ጠረጴዛውን ሳተችው።

«የሞትኩበትን መቃብር ያሳዩን» አልኳት። በሕይወቴ እርስዎ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። ከብርጭቆው መሰበር ይልቅ እሱ አስደነገጣት።

ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ «እውነት ነው?» አሏት። ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። በአንዱ ማኅበርተኛ መኪና እንጦጦ ማርያም ወጣን። ከበሩ እስከ መቃብሩ ያለው ዳገት ነው፤ ጉልበቷን እንደሚያማት አውቃለሁ፤ አልደገፍኳትም። ሁለት ጊዜ ቆመች፤ ሁለቴም ቆሜ ጠበቅኋት።

ሣር የዋጠው ትንሽ ድንጋይ ላይ አመለከተች።

«ማን ናት?» አሉ ቄሱ።

«የኔ ናት። የራሴ ልጅ።» ልጅ ወልዳ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ወደ እኔ ዞረች፤ «እሷን ቀብሬ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንቺንም ሲወስዱብኝ ዝም ልበል?»

የእናቴ እህት ድንጋዩ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ለማታውቃት ልጅ። እኔ እንባ አልመጣልኝም።

«ልጄ፣ ያሳደገችሽ ናት። ይቅር በያት» አሉኝ ቄሱ።

«አልልም አባ።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ኮተቤ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ማኅበርተኞቹ እሷ ቤት መሄድ እንዳቆሙ ሰምቻለሁ። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስትስም እንኳ የሚያናግራት የለም አሉ። ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴን አልደብቅም። የሚያሳዝነኝ ነገር ቢኖር የሰበሰብኩት ሰው ማነሱ ነው። የእናቴ እህት አርብ አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደውልልኛለች። የወንድሞቿን ስም ታስጠናኛለች፤ የትኛው የት እንደቀረ፣ ማን በሱዳን መንገድ እንደሞተ። «ያቺን ሴት ግን ተያት» ትለኛለች በየመሐሉ። እሺም እምቢም አልላትም፤ ወደ ስሞቹ እመልሳታለሁ።

ባለፈው ሳምንት የየካ ጎረቤታችን ደወለች። «አልጋ ይዛለች። ስምሽን ነው የምትጠራው፤ ኧረ ባክሽ ነይ።»

«አሁንም ትጠራለች?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» አልኩ። ትንፋሿ ሲቀርብ ተሰማኝ፤ ስሜን ጠራች፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግማ። አልመለስኩም። ስልኩን ሳልዘጋ ፈተና ማረሜን ቀጠልኩ፤ እሷ እስኪደክማት ድረስ።