በናስትሮ የተጠገነው ዲቫይደር

ሴትየዋ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነች። ቀኑን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ስትጨምቅ ውላ ወደ ቤት ስትመለስ ወገቧ የሷ አይመስላትም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚጠብቋት አባቱ ናቸው። አባባ የተበላሸ ነገር መጣል አይሆንላቸውም። ምድጃው፣ ፍሪጁና የውሃ ማፍያው ሁሉ የተሰኩት እሳቸው በናስትሮ ጠቅልለው በጠገኑት አንድ ዲቫይደር ላይ ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ይግላል፤ አንድ ቀን ጉድ ያደርገናል» ስትላቸው፣ «ይህን ያህል ዘመን ያላቃጠለን አሁን ምን ነክቶት!» ይሏታል። እሷም ጭቅጭቁ ስለሚደክማት ትተወዋለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በሩን ስትከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበላት። ዲቫይደሩ ይነዳል፤ ነበልባሉ ግድግዳውን ይልሳል። አባባ በጆግ ውሃ ይዘው ሊደፉበት ተንደረደሩ።

«ውሃ አይሆንም! ኤሌክትሪክ ነው፣ ይገድልዎታል!» ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ሮጣ ቆጣሪውን አጠፋች፤ ጎረቤት ለግንባታ ካስመጣው ደረቅ አሸዋ በባልዲ ዝቃ ደፋችበት። እሳቱ ታፍኖ ጠፋ።

ቤቱ በጭስ ስለተሞላ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አባባ ጆጉን ገና ከእጃቸው አላስቀመጡም።

«ልጄ፣ ተቆጪኝ እንጂ!»

«ነገ እቆጣዎታለሁ አባባ፤ ዛሬስ አቅም የለኝም» አለችና ጭንቅላቷን መቃኑ ላይ አስደገፈች።

በማግስቱ አባባ ራሳቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ለምድጃው የራሱን መስመር አስዘረጉ። ቁጣዋን ግን ሳምንቱን ሙሉ ቢጠብቁም አልመጣም።