በኮምፒውተር የተቆረጡት ቅርንጫፎች

ኬታኪ ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ በእኔ ቤት ፎቅ ላይ ተከራይታ ስትኖር ይህ አራተኛ ዓመቷ ነው። ሥራዋ ኬሚስትሪ ሆኖ ሳለ ብልቃጥ አትነካም። ፓላዲየም የተባለውን ብረት መሃል አድርጋ፣ ዙሪያውን የሚይዙትን ሊጋንድ የሚሏቸውን ነገሮች በኮምፒውተር ትነድፋለች። ብረቱ ሁለት ሞለኪውሎችን ቶሎ የሚያጋጥመው ወይም የሚለግመው እንደ ሊጋንዱ አያያዝ ነው።

ዘንድሮ ክረምት ግን ዕረፍት አጣች። ሻይ አስቀድታ ሳትጠጣው ትነሳለች፤ ደረጃውን ወርዳ መልሳ ትወጣለች። ምን ሆንሽ ብላት ነገሩን ዘረዘረችልኝ።

የነደፈችውን ሊጋንድ ጓደኛዋ ቫሱዳ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለወራት ለፍታ ሠራችው። ኮምፒውተሩ ፈጣን ይሆናል ያለው ነገር ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ንቅንቅ አላለም። የሁለቱም አለቃ ፕሮፌሰር ዴኦዳር አየር አስገብተሽ አበላሽተሽው ነው ብለው ቫሱዳን ወቀሷት። የምርምር ድጎማዋ የሚታደሰው ደግሞ እሳቸው ሲመሰክሩላት ነው።

ኬታኪን የሚያብከነክናት ግን ሌላ ነው። ትልቁን ኮምፒውተር ብዙ ሰው ስለሚሻማበት እነሱ ዘንድ አንድ ልማድ አለ፦ የሊጋንዱን ሰፋፊ ቅርንጫፎች ቆርጠው በምትካቸው ትንንሽ ጉቶ ይተክላሉ፤ ስሌቱም ቶሎ ያልቃል። እሷም እንደዚያ አድርጋለች። ቫሱዳ የሠራችው ሙሉውን ነው።

ማንም ሳያዛት ሙሉውን ሊጋንድ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባች። መብራት ሄዶ ስሌቱ መሃል ላይ ተቋረጠና እንደ አዲስ ጀመረች። መልሱ ሲመጣ ቅርንጫፎቹ ብረቱን ሸፍነውታል፤ ሌላ ሞለኪውል የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ቫሱዳን ብልቃጥ ስታጥብ አገኘቻት።

«አየር አይደለም ቫሱ። ቅርንጫፎቹን ቆርጬ ነው ያሰላሁት።»

«እና እኔ ክረምቱን ሙሉ አንቺ የቆረጥሽውን ስቀጥል ከረምኩ በይኛ።»

«አዎ።»

«ጥሩ። ይህንኑ ለሳቸው ንገሪያቸው፤ እኔ እየሰማሁ።»

አብረው ገቡ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙ። እንዲህ መቁረጥን ለተማሪዎቹ ያስተማርኩት እኔው ነኝ አሉ፤ ቫሱዳን ይቅርታ ጠየቁና መሰከሩላት። ድጎማዋ ለስድስት ወር ተራዘመ።

ቫሱዳ ግን ቶሎ አልበረደላትም። ከቢሮው እንደወጡ፣ «ብረቱ እንዲገለጥ የትኛው ቅርንጫፍ ይነሳ?» ብላ ጠየቀች።

«ያንን ለማወቅ ሳልቆርጥ ሙሉውን ካሰላሁት ወር ይፈጃል።»

«ይፍጅ። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ለአንቺ ጉቶ ሁለተኛ አልለፋም።»