እትዬ ብርቄ በእንግሊዝኛ ሥራ ሲጠይቁ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ይህን ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ቆየሁ፤ ያሳፍረኛል... ግን ዛሬ ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። እኔ! ያውም ቆሜ፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ክፍላችን የቡና እርሻው ሠራተኞች አዳራሽ ነው። ከሥራ ስንወጣ እዚያው ቴፒ መንገድ ዳር ተሰብስበን እንማራለን። ወጣቱ መምህራችን ጓድ ታደሰ ሰሌዳው ላይ «ከፍተኛ እንግሊዝኛ» ብሎ ይጽፋል። ከፍተኛ ያለው እሱ ነው እንጂ እኔ ከስምንተኛ ያቋረጥኩ ነኝ። የምቀመጠውም በሩ አጠገብ ነው፤ ጥያቄ ሊመጣ ሲል ውሃ ልጠጣ ብዬ ለመውጣት ይመቸኛል።

ከጎኔ የሚቀመጡት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። ቀንም ለቀማው ጠረጴዛ ላይ አብረን ነን፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ቡና ከደህናው እንለያለን፤ አለቃችን ካቦው እየዞረ ክምራችንን ያያል። በወጣትነታቸው ሚዛን ተፈሪ ፈረንጆች ቤት ልጅ ይይዙ ስለነበር፣ እንግሊዝኛቸው ቢንገዳገድም ከአፋቸው ይወጣል። የኔ አይንገዳገድም... አይወጣማ።

የዛሬው ትምህርት «ሥራና ቅጥር» ነበር። አንዱ ቀጣሪ፣ አንዱ ሥራ ፈላጊ ሆኖ በእንግሊዝኛ መነጋገር ነው። ልክ ውሃ ልጠጣ ብዬ ልነሳ ስል፣

«ጓድ አስካለ! ከእትዬ ብርቄ ጋር፣ ወደፊት!»

እትዬ ብርቄ ቀጣሪ ሆነው ወንበሩ ላይ ተሰየሙ። እኔ ለራሴም በማይሰማኝ ድምፅ ሥራ እፈልጋለሁ አልኩ። እሳቸው ከወንበራቸው ብድግ ብለው እጄን ጨብጠው እናትሽ እንዴት ናቸው፣ አባትሽ እንዴት ናቸው፣ ላሟስ ወለደች ወይ... አንድ ሳያስቀሩ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ቀጣሪ ነዎት» አለ ጓድ ታደሰ። «ምን እንደምትችል ይጠይቋት።»

«የማውቃትን ልጅ ምን ብዬ ልጠይቃት? ትችላለች። ሰኞ ትግባ።»

«አይሆንም! ሥራ የለም ብለው ይመልሷት። መከልከልም እንለማመዳለን።»

«የጎረቤቴን ልጅ? እንኳን በእውኑ በጨዋታም አፌ አይልም!»

ጓድ ታደሰ ግንባሩን ያዘና ቦታ አቀያየረን። ወንበሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ።

«አንቺ እንኳ ከልክያቸው» አለኝ። «ኖ በያቸውና አሰናብቻቸው። በቃ።»

እትዬ ብርቄ ፊቴ ቆሙ። ደግሞ ምን ሊያስቁን ነው ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን አጣመሩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ እንዲህ አሉ፦

«እመቤቴ፣ ዓይኔ ደከመ። ጥቁሩና ደህናው ቡና አንድ ሆነብኝ። ካቦው ክምሬን በተነው። ዓይኗ አያይም ካሉ ያባርሩኛል። እባክሽ ሌላ ሥራ ስጪኝ።»

ሁሉም አጨበጨበ። ከኋላ አንዱ «እትዬ፣ ቲያትር ቤት ይግቡ!» አለ። ጓድ ታደሰ ግሡን አረመላቸው።

እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ካቦው ባለፈው ሳምንት ክምራቸውን በእጁ ጠርጎ «እንደ ልጅ ትጫወቻለሽ እንዴ?» ሲላቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ያኔ ባለጌ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ልመናቸው የትምህርቱ አልነበረም... እውነታቸውን ነበር።

«አስካለ፣ ኖ በያቸው እንጂ!» አለ ጓድ ታደሰ።

ወደ በሩ አየሁ። ግን ማንም ካልመለሰላቸው እንዲያ እንደቆሙ ሊቀሩ መሰለኝ። ሌላ ምን ሥራ ያውቃሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከኔ የወጣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር!

«ልጅ እይዛለሁ» አሉ። «ልጅ ሲያለቅስ የራበው ይሁን ያኮረፈ በድምፁ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የሠራተኞቹን ልጆች መዋያ ይግቡ» አልኳቸው። «ሰኞ ይጀምሩ።»

«ከልክያቸው አላልኩሽም?» አለ ጓድ ታደሰ።

«ከለከልኳቸው እኮ» አልኩት። «ለቀማውን።»

ይህችን በአማርኛ ነው ያልኳት፤ ወዲያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር። ቦዩ ላይ ያለውን ጣውላ ስንሻገር እትዬ ብርቄ ክንዴን ያዙ። ያኔ ቀስ ብዬ፣

«እትዬ... እውነት ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ጨዋታ ነው ልጄ። ጨዋታ ነው።»

ጣውላውን ጨርሰንም ክንዴን አልለቀቁኝም። ትንሽ እንደሄድን፣ «በአማርኛ አልወጣ አለኝ እኮ፣ የኔ ዓለም» አሉ። «በፈረንጅ አፍ ስለው የሌላ ሰው ችግር ይመስላል።»

መዋያው የሰው እጅ እንዳጠረው እናቶቹ ሁሌ እንደሚያወሩ ነገርኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ግን ማን ገብቶ ይጠይቅልኛል? እኔ ከጠየቅኩ፣ ለምን ለቀማውን ተውሽ ይሉኛል። ያን ጊዜ ምን እላለሁ?»

እኔ እጠይቅልዎታለሁ አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት። እትዬ ብርቄ ቆም ብለው ፊቴን በጣም ቀርበው አዩኝ፤ ከዚያ ሳቁ። «አንቺ? ሰላም ሲሉሽ እንኳ ከእናትሽ ኋላ የምትደበቂው?»

እውነታቸውን ነው።

ቢሆንም ነገ፣ ለቀማው ሳይጀመር፣ እትዬ ብርቄን ይዤ አስተዳደር ቢሮ እገባለሁ። ኃላፊው ምን ፈለጋችሁ ሲል ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። በአማርኛ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ... ሁሉም ይሰማዋላ።